የክንድ ማንገቻ ሲሰጥ አለባበሱና የሚወልቅበት ቀንም አብሮ ይነገር

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

አክብሮታዊ ሰላምታዬን በማስቀደም፣ ጋዜጣችሁ ለአንባቢያን ደብዳቤ በመደበው ገጽ ላይ እንዲወጣልኝ የምጠይቀው ጉዳይ ትከሻው የተጎዳ ሰው ስለሚለብሰው የክንድ ማንገቻ ነው። በጤና ተቋማት ስሊንግ የምንለው፣ በፋርማሲዎችም በልዩ ልዩ ዓይነት የሚሸጠው ይህ ድጋፍ ቀላል ዕቃ ስለሚመስል ስለ አለባበሱ የሚናገር ሰው እምብዛም የለም። እኔ በጎንደር ከተማ የምሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ በሥራዬ ላይ ደጋግሜ የማየውና ዝም ብዬ ላልፈው የማልችለው ነገር ቢኖር፣ ዋናው ሕክምና በሚገባ ተደርጎላቸው ሳለ በማንገቻው አለባበስ ምክንያት ለሌላ ችግር የሚዳረጉ ሰዎች ጉዳይ ነው።

በከተማችን ትከሻ የሚጎዳበት ምክንያት ብዙ ነው። ባጃጅ ይገለበጣል፤ በክረምት ቁልቁለቱ ላይ ያለው ኮብልስቶን ያንሸራትታል፤ ወጣቶች ኳስ ሲጫወቱ ይወድቃሉ፤ የቀን ሠራተኞች ከሕንፃ መወጣጫ ላይ ይወድቃሉ፤ ከደንቢያ፣ ከጭልጋና ከዳባት ደግሞ ከበቅሎ ወይም ከዛፍ የወደቁ ገበሬዎች ይመጣሉ። ተጎጂው ራጅ ይነሣል፤ የወለቀው ይመለሳል፤ የተሰበረውም አጥንት ይታያል። ከዚያም በላስቲክ የታሸገ ማንገቻ በእጁ ይሰጠዋል፣ ወይም ከፋርማሲ ገዝቶ እንዲለብስ በወረቀት ይጻፍለታል፤ ያው ተሰናብቶ ይሄዳል። ከሳምንታት በኋላ ሲመለስ ክርኑ ከማንገቻው ውጪ ተንጠልጥሎ፣ እጁ ከክርኑ በታች ወርዶና አብጦ፣ ማሰሪያው ማጅራቱን ልጦት እናገኘዋለን። ሌላው ደግሞ ማንገቻውን ከለበሰበት ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ ሳያወልቅ ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ፣ ትከሻው ደርቆ ይመጣል። የሁለቱም ችግር የመጣው ከአለባበሱ እንጂ ከአደጋው አይደለም። ማንኛውም መድኃኒት ሲሰጥ በቀን ስንት ጊዜ፣ እስከ መቼ እንደሚወሰድ ይነገራል፤ ማንገቻም እንደ መድኃኒት የራሱ መጠንና ጊዜ ያለው የሕክምና ትእዛዝ ስለሆነ በዚያው ጥንቃቄ ሊሰጥ ይገባዋል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ስለ ትከሻ አሠራር ጥቂት ልበል። የላይኛው ክንድ አጥንት ራስ ድቡልቡል ነው፤ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ቦታ ግን ጠባብና ጥልቀት የሌለው በመሆኑ፣ በአንድ ጊዜ ከድቡልቡሉ ራስ የሚይዘው ከሢሶው ብዙም የማይበልጠውን ክፍል ነው። የቀረውን አጥብቀው የሚይዙት በዙሪያው ያሉ ጅማቶችና ጡንቻዎች ናቸው። እጃችንን ወደ ሁሉም አቅጣጫ እንደልብ ማንቀሳቀስ የቻልነው በዚህ አሠራር ምክንያት ሲሆን፣ ከትልልቆቹ የሰውነት መጋጠሚያዎች ሁሉ ይበልጥ የሚወልቀውም ትከሻ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ ሙሉ ክንድ ከሰውነት ክብደት ከመቶ አምስት ያህሉን ይይዛል፤ 60 ኪሎ በሚመዝን ሰው ላይ ይህ ወደ 3 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ጅማቱ የተበጠሰ ወይም አጥንቱ የተሰነጠቀ ትከሻ ይህን ሸክም ቀኑን ሙሉ ተንጠልጥሎ እንዲሸከም ማድረግ ሕመሙን ያባብሳል። የማንገቻው ዋና ሥራ ይህን ክብደት ከተጎዳው ትከሻ ላይ ማንሣት ነው፤ አለባበሱም የሚመዘነው ክብደቱን በማንሣቱና ባለማንሣቱ ነው።

ማንገቻ የሚያለብስ ሰው ታካሚውን በቅድሚያ ማስቀመጥ አለበት። የተጎዳው ክንድ በደህናው እጅ ተደግፎ ሆድ ላይ እንደተጋደመ ይቆይና ክንድ የሚያርፍበት የማንገቻው ከረጢት ወደ ክንዱ ይመጣል እንጂ፣ ክንዱ ተጎትቶ ወደ ከረጢቱ አይገባም። ክርኑ በ90 ዲግሪ ገደማ ታጥፎ እስከ ከረጢቱ የኋላ ጥግ ድረስ ገብቶ መቀመጥ ይኖርበታል። እኔ ከሁሉ በላይ ተበላሽቶ የማየው ይህ ነው፤ ክርኑ ጥጉ ላይ ካልደረሰ የክንዱ ክብደት በሙሉ ወደ እጅ አንጓው ይሸሻል፤ ጨርቁም ወደፊት እየተንሸራተተ በመጨረሻ አንጓውን ብቻ የያዘ ቀለበት ይሆናል። እጁ ከክርኑ ጥቂት ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ዝቅ ካለ ፈሳሹ ወደ መዳፍና ወደ ጣቶች እየወረደ ያብጣል። የከረጢቱ ርዝመት የእጅ አንጓውን አልፎ ጣቶቹ እስከሚጀምሩበት ድረስ መድረስ ይኖርበታል፤ ከዚያ ካጠረ እጁ ከጨርቁ ጫፍ ላይ ታጥፎ ይንጠለጠላል፤ ጫፉም ቆዳውን ከመላጡ በላይ ነርቭ ይጫናል። ጣቶቹ ግን ከውጪ ሆነው መታየት አለባቸው፤ የደሙን ዝውውር የምናውቀው በእነሱ ነውና። ለልጅ የአዋቂን፣ ለቀጭን ሰው የወፍራሙን መጠን ሰጥቶ መሸኘት ከላይ ያልኩትን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

ማሰሪያው ከክርኑ ተነሥቶ ጀርባን በማቋረጥ በደህናው ትከሻ ላይ አልፎ ወደ ፊት ቢመጣ ይመረጣል፤ ክብደቱን የሚሸከመው የደህናው ትከሻ ሥጋ ነው። ሁሉም ነገር በማጅራት ላይ ብቻ ሲንጠለጠል፣ ትከሻው ሳይሻለው የአንገትና የራስ ሕመም ይጨመራል። ማሰሪያው አንገት የሚነካበት ቦታ ላይ የታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ጥጥ ማድረግ ጥሩ ነው። ርዝመቱ ሲስተካከል ታካሚው ከመስተዋት ፊት ቆሞ ሁለቱን ትከሻዎቹን ያስተያይ፤ የተጎዳው ወደ ጆሮ ተጎትቶ ከፍ ካለ ማሰሪያው አጥሯል፤ ወደ ታች ከወረደ ደግሞ ረዝሟል። ታካሚው ትከሻውን ለቀቅ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ያለ ጭንቀት መተንፈስ መቻል አለበት።

ፋርማሲ በሌለበት ቦታ ነጠላ ወይም ሌላ ሰፊ ጨርቅ በሦስት ማዕዘን ታጥፎ ጥሩ ማንገቻ እንደሚሆን ሁሉም ቤተሰብ ቢያውቅ እወዳለሁ። ደንቡ ተመሳሳይ ነው፦ ክርኑ በማዕዘኑ ጥግ፣ እጁ ከፍ ብሎ፣ ጣቶቹ እየታዩ፣ ቋጠሮውም በአንገት አጥንት ወይም በተሰበረው ቦታ ላይ ሳያርፍ ወደ ጎን ተደርጎ። ጨርቁን እንደ ገመድ ጠምዝዞ አንጓው ላይ ብቻ ማሰር ግን ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ከዚሁ ጋር፣ በእኛ ብርድ ታካሚዎች ከማንገቻው በላይ ጋቢ ይደርባሉ፤ የጋቢው ክብደት በተጎዳው ትከሻ ላይ ከወደቀ ማንገቻው ያነሣውን ሸክም መልሶ ይጭነዋልና በደህናው በኩል ቢጣል መልካም ነው።

በገበያ ላይ ያሉት ድጋፎች ሁሉ አንድ አይደሉም። ከላይ የተናገርኩት ክንድን ብቻ የሚይዘው ተራው ማንገቻ ነው። ወገብን የሚዞር ተጨማሪ ማሰሪያ ያለው ክንዱን ከደረት ጋር ስለሚያጣብቅ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ወይም ከውልቃት በኋላ በሐኪም ይታዘዛል። ከሚለጠጥ ጨርቅ ተሠርቶ ትከሻን እንደ እጅጌ የሚያለብሰው ደግሞ ስፖርተኞች የሚገዙት ነው፤ ሙቀትና የመተማመን ስሜት ይሰጣል፤ ሊወልቅ የተዘጋጀን ትከሻ ግን በራሱ ኃይል አያስቆምም። ደረትን አቋርጦ በደህናው ብብት ሥር የሚያልፈው ማሰሪያው ሁለት ጣት የሚያስገባ ያህል ላላ ማለት አለበት፤ ጣት ከደነዘዘ ወይም እጅ ከቀዘቀዘ ወዲያውኑ መፈታት ይኖርበታል። ከአንገት ሥር እስከ ትከሻ ጫፍ የተዘረጋው አጥንት ሲሰበር በሁለቱም ብብት ሥር አልፎ ከጀርባ የሚጠብቀውን ማሰሪያ የሚመርጡ አሉ፤ ይሁን እንጂ ለብዙዎቹ ታካሚዎች ተራው ማንገቻ ከእሱ ያላነሰ ውጤት እየሰጠ ሕመሙ ግን አነስተኛ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ማንገቻ የሚወልቅበት ሰዓት አለው። ሐኪሙ ለይቶ ካልከለከለ በስተቀር፣ ታካሚው በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ተቀምጦ ክንዱን ከማንገቻው በማውጣት ክርኑን መዘርጋትና ማጠፍ፣ አንጓውን ማዟዟር፣ ጣቶቹን መጨበጥና መዘርጋት አለበት፤ ይህ ሲደረግ የላይኛው ክንድ ከጎን ጋር እንደተጠጋ ይቆያል። ትከሻው ታመመ ተብሎ ክርንና ጣቶች አብረው መታሰር የለባቸውም፤ ብዙ ሰው ግን ክንዱ በሙሉ እንዳይንቀሳቀስ የታዘዘ ይመስለዋል። ብብት በየቀኑ መታጠብ ይኖርበታል። ታካሚው ደህና እጁን ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ወደፊት ጎንበስ ሲል የተጎዳው ክንድ በራሱ ክብደት ከጎኑ ስለሚርቅ፣ ሌላ ሰው ብብቱን በቀላሉ አጥቦ በሚገባ ሊያደርቅለት ይችላል፤ ላብ በታፈነበት ቦታ ቆዳ ይላጣል፣ ይሸታልም። ልብስ ሲለበስ የተጎዳው እጅ በመጀመሪያ ይገባል፤ ሲወልቅ በመጨረሻ ይወጣል፤ ስለዚህ ከፊት በቁልፍ የሚከፈት ሸሚዝ ይመረጣል። በሌሊት ጀርባን በትራስ ከፍ አድርጎ በከፊል ተቀምጦ መተኛትና፣ ከላይኛው ክንድ በታች ሌላ ትራስ አስገብቶ ክርኑ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ ማድረግ ብዙ ሕመም ያስቀራል። ቀለበት፣ አምባርና ሰዓት ገና በመጀመሪያው ሰዓት መውለቅ አለባቸው፤ እጅ ካበጠ በኋላ አይወጡምና።

እስከ መቼ ይለበሳል ለሚለው ጥያቄ መልሱ እንደ ጉዳቱና እንደ ዕድሜው ይለያያል። ለመጀመሪያ ጊዜ የወለቀ ትከሻ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ይያዛል፤ የተሰበረው ከአንገት ሥር ያለው አጥንት ከሆነ ለአዋቂ ሰው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል፤ የትከሻ ጅማት ተሰፍቶ ከሆነ ደግሞ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያህል የቀዶ ሐኪሙ ትእዛዝ ይጠበቃል። «ረዘም ላለ ጊዜ ብይዘው ይበልጥ ይድንልኛል» የሚለው አስተሳሰብ በሕዝባችን ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ትከሻ ሆድ ላይ ተጠግቶ ሲቆይ በዙሪያው ያለው ሽፋን፣ በተለይም የፊቱ፣ ያጥራል፤ ክንድን ወደ ውጪ ማዞር አስቀድሞ ይጠፋል፤ ቀጥሎም ራስን ማበጠር፣ ነጠላን ወደ ትከሻ መጣል፣ ቀበቶን ከኋላ ማስተካከል አይቻልም። ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎችና የስኳር ሕሙማን ለዚህ መድረቅ ይበልጥ የተጋለጡ ስለሆኑ ለእነሱ ትርፍ ሳምንት ዋጋው ከፍተኛ ነው። አንዴ የደረቀን ትከሻ መመለስ ወራት ይፈጃል፤ አንዳንዴም ከዓመት ይበልጣል፤ ሕመሙም ከስብራቱ ሕመም የማይተናነስ ነው።

በሌላ በኩል ወጣቶች ማንገቻውን በሦስተኛው ቀን ይጥሉታል። የመጀመሪያው ውልቃት በ20 ዓመት አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ከደረሰ ትከሻው ዳግመኛ የመውለቅ ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ ማንገቻን ለወራት መልበስም ይህን አያስቀረውም። የሚረዳው በተወሰነው ጊዜ ለብሶ፣ በተወሰነው ጊዜ አውልቆ፣ ከዚያ በኋላ የትከሻን ጡንቻዎች በባለሙያ ምክር ደረጃ በደረጃ ማጠንከር ነው፤ ደጋግሞ የሚወልቅ ከሆነ ደግሞ ስለ ቀዶ ሕክምና መነጋገር ያስፈልጋል። ጎንደር የአቋቋም መምህራንና ደቀ መዛሙርት ከተማ ናት፤ መቋሚያና ጸናጽል ይዞ ለረጅም ሰዓት የሚቆም ሰው ትከሻው ምን ያህል እንደሚሠራ እናውቃለን። በሠርግ ቤትም እስክስታ ያለ ትከሻ የለም። እንዲህ ያሉ ሰዎች «መቼ ልመለስ?» ብለው ሲጠይቁ የሚገባቸው መልስ «ሲሻልህ» የሚል ሳይሆን፣ ክንድህ ያለ ሕመም ከራስህ በላይ ሲወጣና ጥንካሬው ከሌላው ጋር ሲቀራረብ የሚል የተለየ መለኪያ ነው። ከ40 ዓመት በላይ ሆኖ ትከሻው ወልቆ የተመለሰለት ሰው ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላም ክንዱን በራሱ ማንሣት ካልቻለ፣ ማንገቻውን ከማራዘም ይልቅ ጅማቱ ተቀድዶ እንደሆነ መመርመር አለበት።

ማንገቻ ለብሶ ቤት የተቀመጠ ሰው የሚከተሉትን ካየ ቀጠሮ መጠበቅ የለበትም፦ ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፤ ጥፍሩን ጫን አድርጎ ሲለቀው ቀይነቱ ከ2 ሰከንድ በላይ ከዘገየ፤ ከትከሻው ጎን ያለው ቆዳ ከደነዘዘ፤ አንጓውን ወደ ላይ ማንሣት ካቃተው፤ ሕመሙ በማስታገሻ እየቀነሰ በመሄድ ፈንታ ከጨመረ። ወጌሻ አባቶቻችን በማኅበረሰቡ ዘንድ ያላቸውን ክብር አውቃለሁ፤ ብዙ ሰውም ከእኛ በፊት ወደ እነሱ ይሄዳል። ይሁን እንጂ ራጅ ያልተነሣን ትከሻ መጎተት የተሰበረውን አጥንት ወደ ነርቭና ወደ ደም ሥር ሊገፋ እንደሚችል፣ በሸምበቆ ወይም በቀርከሃ አጥብቆ ማሰርም የደሙን ዝውውር ዘግቶ እጅ እስከ ማስቆረጥ እንደሚያደርስ በአገራችን የአጥንት ሕክምና ክፍሎች የታወቀ ነውና፣ ወጌሻዎቹ ራሳቸው ታካሚውን በሰፊ ጨርቅ አንግተው ወደ ጤና ተቋም እንዲልኩ በአክብሮት እለምናለሁ።

በስትሮክ ምክንያት አንድ ጎናቸው የደከመባቸው ሰዎች ጉዳይም ከዚህ ሊለይ አይገባም። የደከመው ክንድ ትከሻውን የሚይዙት ጡንቻዎች ስለማይሠሩ በራሱ ክብደት ከቦታው ይንሸራተታል፤ ቤተሰብ ደግሞ በፍቅር ሊያስነሣ ሲል ያንኑ ክንድ ይጎትታል። ሰውየውን በወገቡና በጀርባው ይዞ ማስነሣት እንጂ በደከመው ክንድ መሳብ ፈጽሞ አይገባም። ለእነዚህ ታካሚዎች ማንገቻው የሚያስፈልገው በሚቆሙበትና በሚራመዱበት ጊዜ ነው፤ ሲቀመጡ ክንዱ በትራስ ወይም በጠረጴዛ ላይ ይደገፍ፤ ሲተኙም ይውለቅ። ቀኑን ሙሉ ታስሮ ከዋለ ክንዱ ታጥፎ ይቀራል፤ ታካሚውም እጁን ይረሳዋል።

በ1940ዎቹ በጎንደር የተቋቋመው የጤና ኮሌጅና ማሰልጠኛ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያን የሚባሉትን የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎች ወደየወረዳው ያሰማራው፣ ሰው ታሞ ከመምጣቱ አስቀድሞ በቤቱ እንዲማር ነበር። ዛሬ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች በዲግሪ የሚሠለጥኑት በዚሁ ከተማ ነው። ከደባርቅ ወይም ከመተማ አቅጣጫ የመጣ ታካሚ አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ብቻ ተመልሶ ሊመጣ አይችልምና፣ ትምህርቱ በመጀመሪያው ቀን፣ ከበሩ ሳይወጣ ሊሰጠው ይገባል። የምጠይቀውም ይህን ነው፦ ማንገቻ የሚሰጥ ማንኛውም የጤና ባለሙያ ታካሚውን ወይም አስታማሚውን በፊቱ አንድ ጊዜ እንዲያወልቅና እንዲያለብስ ያድርግ፤ በቀጠሮ ካርዱ ላይ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወልቅና ሙሉ በሙሉ የሚቀርበት ቀን በአማርኛ ይጻፍ፤ ፋርማሲዎችም በባዕድ ቋንቋ የተጻፈውን ወረቀት ከነላስቲኩ ከመስጠት ይልቅ ከፍተው፣ መጠኑን ለክተው ያስረክቡ። ጋዜጣችሁ ግማሽ ገጽ ቢፈቅድልን፣ ክርን፣ እጅና ማሰሪያ የት እንደሚውሉ የሚያሳይ ሥዕላዊ መግለጫ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ያለ ክፍያ አዘጋጅተን ለመላክ ዝግጁ ነን፤ ጤና ጣቢያዎች ቆርጠው በግድግዳ ላይ ሊለጥፉት ይችላሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ
ከጎንደር